ኮንክን ከሰዓት በኋላ እዩዋት

ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ጎራ የምትሉ ከሆነ፣ በአቬሮን የምትገኘውን ኮንክ የተባለች ትንሽ መንደር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንድታዩ አጥብቄ እመክራለሁ። የቅድስት ፎይ ቤተ ክርስቲያን ዋና በር ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት፣ ከበሩ በላይ የተቀረጸው የ12ኛው ክፍለ ዘመን የዕለተ ምጽአት ትዕይንት የሚፈካው ያን ጊዜ ነው። የርቀት መነጽር ያዙ። ከክርስቶስ በስተቀኝ ጻድቃን፣ በስተግራ ኃጥአን ተደርድረዋል፤ የጥንቱ ቀለም ርዝራዥም ዛሬ ድረስ በድንጋዩ ላይ ይታያል። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ግን የቅስቱን ጠርዝ ነው። እዚያ ትንንሽ ፊቶች ከድንጋይ ጥቅልል ጀርባ ብቅ ብለው ትዕይንቱን ይመለከታሉ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እነርሱን ነው።

ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመረቁት የፈረንሳዊው ሠዓሊ የፒየር ሱላዥ መስኮቶች ቀለም አልባ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን ብቻ ይበቃቸዋል። ግምጃ ቤቱን እንዳትዘሉት፤ የቅድስቲቱ የወርቅ ምስል ያለው እዚያ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ንዋያተ ቅድሳቱን በየቤታቸው ደብቀው ያተረፉት የመንደሩ ነዋሪዎች ናቸው። የመዝጊያ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መንገዱ ቁልቁለትና የድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።