የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ስትገጥሙ ከፓነሉ በፊት ከፍታውን አስቡ

የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለመግጠም ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ፓነል ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው። ግን ደህና ዕቃ ተገዝቶ ሻወሩ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያወርድ ካያችሁ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ፓነሉ ጋ አይደለም። ታንከሩ የተቀመጠበት ከፍታ፣ የቧንቧው አወጣጥና አየር የሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

በመጠኑ እንጀምር። ለአንድ ሰው በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ሙቅ ውሃ ብላችሁ አስሉ፤ አራት ሰው ላለበት ቤት የ200 ሊትር ታንከር ይበቃል። የ200 ሊትር ውሃን ሙቀት ከነበረበት በ40 ዲግሪ ለመጨመር ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ያስፈልጋል፤ ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን ይህን ሁሉ በነጻ ታገኛላችሁ። ትልቅ ታንከር በትንሽ ፓነል ላይ መጫን ግን አይጠቅምም፤ የሚተርፋችሁ ብዙ ለብ ያለ ውሃ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያውን እዩት። 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው፣ ታንከሩ፣ ፓነሉና የብረት መቆሚያው ሲጨመሩበት ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። ሶሌታ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ቆርቆሮ ከሆነ ግን ክብደቱ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው እንጨት ወይም ብረት አልፎ ግድግዳው ላይ ማረፍ አለበት፤ ባለሙያ ሳያየው እንዳትሰቅሉት። ቆርቆሮው የሚበሳው በሸንተረሩ አናት ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት በኩል አይደለም፣ ቀዳዳውም በጎማ ዋሸርና በሲሊኮን ይታሸግ።

ፓነሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበት ቦታ ይቀመጥ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን የምትኖሩ ወደ ደቡብ፣ በስተደቡብ የምትኖሩ ወደ ሰሜን አዙሩት። የሚያጋድልበት ዲግሪ ከቦታችሁ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያላችሁ ርቀት በዲግሪ) ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆኑም ግን ልሙጥ አድርጋችሁ አታስተኙት፤ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያጋድል። ዝናቡ አቧራውን ያጥብለታል፣ ውስጡ ያለው ውሃም ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ ያገኛል።

አሁን ወደ ከፍታው። ፓምፕ የሌለው ማሞቂያ የሚሠራው ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ነው። ፓነሉ ውስጥ የሞቀው ወደ ላይ ወጥቶ ታንከሩ ውስጥ ይገባል፣ ከታንከሩ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ደግሞ ወርዶ ቦታውን ይይዛል፣ ፀሐይ እስካለች ድረስ እንዲህ ሲዞር ይውላል። ይህን ውሃ የሚገፋው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥቃቅን ስህተት ያቆመዋል። ፓነሉና ታንከሩ ለየብቻ የሚገጠሙ ከሆነ የታንከሩን ሥር ከፓነሉ አናት ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት። አለዚያ ማታ ዙሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ ቀን የሞቀው ውሃ ወደ ፓነሉ እየተመለሰ ሲቀዘቅዝ ያድርና ጠዋት ልፋቱ መና ይቀራል።

ከፓነሉ ወደ ታንከሩ የሚሄደው ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽቅብ ይሂድ፣ በሜትር 2 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። መሃል ላይ ጉብ ካለ እዚያች ላይ አየር ይጠራቀማል፤ አየሩ መንገዱን ከዘጋው ደግሞ በቃ፣ ውሃው አይዞርም። ፓነሉ እየነደደ ታንከሩ ቀዝቃዛ ከሆነባችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህንን ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በፓነሉ በአንዱ ጎን ከታች ገብቶ በተቃራኒው ጎን ከላይ ይውጣ፣ የሚወጣበትም ጎን ትንሽ ከፍ ይበል።

ታንከራችሁ ግፊት የማይችል ዓይነት ከሆነ ከዋናው መስመር በቀጥታ ውሃ አታስገቡበት። ከእሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የቀዝቃዛ ውሃ ታንከር ይመግበው። ከማሞቂያው አናት የአየር ማስወጫ ቧንቧ ይነሳና ጫፉ በቀዝቃዛው ታንከር ውስጥ ካለው የውሃ ልክ በላይ ይድረስ፤ ካነሰ ውሃው በዚያ በኩል ሲፈስ ይውላል። በዚህ ቧንቧ ላይ ቫልቭ አይገጠምም። ምንም ዓይነት። እንፋሎት የሚወጣው በዚያ ነው፤ ውሃ ጠፍቶ ታንከሩ ሲጎድልም አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከተዘጋ ስሱ ታንከር ወደ ውስጥ ይጨማደዳል።

ግፊት የሚችል ታንከር ከሆነ ነገሩ ይለያል። ቀዝቃዛው በሚገባበት በኩል መዝጊያ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ እና ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣ ሴፍቲ ቫልቭ ይገጠማሉ፤ በሴፍቲ ቫልቩና በታንከሩ መካከል መዝጊያ መኖር የለበትም። 200 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በ3 ሊትር ያህል ይጨምራል። ያ ትርፍ መሄጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ሴፍቲ ቫልቩ ቀን ቀን ጠብ ጠብ ሲል ብታዩ አትድፈኑት፤ ወይ ቱቦ ገጥማችሁ ወደ ፍሳሽ ምሩት፣ ወይ የማስፋፊያ ጋን ጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚያማርርበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሻወር ላይ ሙቁና ቀዝቃዛው አልደባለቅ ይላል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ነው፤ ታንከራችሁ ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ሙቁ ውሃ የሚመጣው በ0.2 ባር ነው ማለት ነው። ቀዝቃዛውን ከዋናው መስመር ካመጣችሁት ያ ኃይለኛ ውሃ ሙቁን ገፍቶ ወደ ላይ ይመልሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሻወሩን ቀዝቃዛ ውሃ ማሞቂያውን ከሚመግበው ታንከር አምጡት፣ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

ቧንቧ ስትመርጡ ተራውን ፒቪሲ ለሙቅ ውሃ አትንኩት፣ ይለሰልሳል። ቤት ውስጥ ለሙቅ ውሃ የተሠራ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ይሆናል። በፓነሉና በታንከሩ መካከል ግን እኔ መዳብ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ፀሐይ በርትታ ማንም ውሃ ሳይቀዳ በሚውልበት ቀን እዚያ ያለውን ሙቀት ፕላስቲክ አይችለውም። መዳብን ከጋልቫናይዝድ (ዚንክ ከተቀባ ብረት) ጋር በቀጥታ አታገናኙ፣ ጋልቫናይዝዱ ይበላል። የሙቁን ቧንቧ በሙሉ በስፖንጅ ሽፋን ሸፍኑት፤ ውጭ ያለውን ደግሞ ፀሐይ ሽፋኑን እንዳትበላው ቀለም ቀቡት። ታንከሩን ከመታጠቢያ ቤቱ አታርቁት። የውስጥ ስፋቱ 15 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ 20 ሜትር ከሄደ ሙቁ እስኪደርስ 3 ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ታፈሳላችሁ፣ በየጊዜው።

መሙላቱ ላይ ጥንቃቄ። በጠፍጣፋ ፓነል ፈንታ የብርጭቆ ቱቦዎች ያሉትን ማሞቂያ በጠራራ ፀሐይ አትሙሉት። ባዶውን ፀሐይ ላይ የዋለ ቱቦ በጣም ይግላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ማለዳ ሙሉት፣ ወይም ሞልቶ እስኪያልቅ በጨርቅ ሸፍኑት። ሲሞላ የሙቅ ውሃ ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈቱ፤ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲመጣ አንድ በአንድ ዝጉ። ከዚያ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት እየነካችሁ ፍሳሽ ፈልጉ፣ ሽፋኑ የሚለብሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ለደመናማ ቀን ታንከሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚገጠም ከሆነ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት፣ የምድር መስመርና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ የ30 ሚሊአምፔር ብሬከር ግዴታ ናቸው። ይህንን ለኤሌክትሪሽያን ስጡት፣ እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም። ታንከሩ ሳይሞላ ፈጽሞ አታብሩት።

ለብ ብሎ የሚከርም ውሃ ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ስለዚህ ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ ይድረስ፣ ፀሐይ በጠፋ ሰሞንም በኤሌክትሪኩ አድርሱት። 60 ዲግሪ ግን በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል። ሕፃናት ወይም አረጋውያን ያሉበት ቤት ከሆነ ታንከሩ መውጫ ላይ ሙቀቱን ራሱ የሚያመጣጥን መደባለቂያ ቫልቭ ይገጠም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው። መስታወቱን ከአቧራ ማጽዳት፣ የሴፍቲ ቫልቩን እጀታ አልፎ አልፎ አንስቶ ውሃ ማስወጣቱን ማየት። የብረት ታንከር ከሆነ በውስጡ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ የማግኒዚየም ዘንግ አለ፣ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አውጥታችሁ እዩት፤ ተበልቶ መሃሉ ያለው ሽቦ ከታየ በአዲስ ለውጡት። ስትገጥሙም ዘንጉ የሚወጣበትን በኩል ግድግዳ ወይም ጣሪያ እንዳይዘጋው ቦታ ተዉለት።