የሐሰት ቀጣሪ የወሰደውን ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር እንዴት እንደዘጋነው

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ለሥራ ቅጥር ብላ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥሯንና (አሜሪካ ውስጥ ለሥራ፣ ለግብርና ለብድር የሚጠየቀውን መለያ ቁጥር) የመንጃ ፈቃዷን ፎቶ ላከች፤ ቀጣሪ ነኝ ባዩ ወዲያው ድምፁ ጠፋ። ቁጥሩን ማስቀየር ከባድ ስለሆነ፣ ሌባው እንዳይጠቀምበት መዝጋቱ ነው ያዋጣን።

መጀመሪያ በስሟ ብድር እንዳይወስዱ፣ የሰውን የብድር ታሪክ በሚይዙት ሦስት ድርጅቶች፣ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን፣ ክሬዲቷን «ፍሪዝ» አስደረግን (አሳገድን)። ሦስቱም ጋ ለየብቻ መጠየቅ ግድ ነው፤ አንዱ ለሌላው አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነጻ ነው። በክፍያ የሚቀርብ «ሎክ» ቢያሳዩአችሁ እለፉት፤ የምትፈልጉት «ፍሪዝ» የሚለውን ነው። ብድር ስትፈልግ በኢንተርኔት ከጠየቀች በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከፈትላታል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግብሩን ነው፣ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነበር። በስሟ የግብር ተመላሽ ገንዘብ እንዳይወስዱ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ግብር ሲታወቅ የሚጠየቅ ባለ 6 አኃዝ የሚስጥር ቁጥር፣ «አይፒ ፒን»፣ አወጣን፤ በየዓመቱ ይቀየራል። ኢ-ቬሪፋይ (ተቀጣሪ የመሥራት ፈቃድ እንዳለው የሚጣራበት የመንግሥት ሥርዓት) የሚጠቀም ድርጅት ውስጥም ሌላ ሰው በቁጥሯ እንዳይቀጠር፣ እዚያው ሥርዓት ላይ ቁጥሯን የሚቆልፈውን «ሰልፍ ሎክ» አደረግንላት።