ዳሽቦርድ ላይ የበረዶ ምልክት ሲበራ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ጉጉፍቱ

ባለፈው ታኅሣሥ ጎህ ሳይቀድ ከደሴ ተነስተን ለለቅሶ ከደሴ በላይ ወዳለችው ብርዳማ ጉጉፍቱ እየሄድን ነበር። መኪናዋን ከገዛች ወር ያልሞላት ጎረቤቴ ትነዳለች። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ መኪናው አንዴ ጮኸና የበረዶ ቅንጣት የመሰለ ምልክት በራ፤ ከጎኑ 3 ዲግሪ ይላል። «ጋሼ፣ ሞተሩ ተበላሸ እንዴ?» ብላ እግሯን ወደ ፍሬኑ ሰደደች። «ነዳጁን ብቻ ልቀቂ፣ ፍሬኑን ተዪው» አልኳት። ቀስ ብላ ዳር ያዘችና ወረድን። የመንገዱ ዳር ሣር በአመዳይ ነጥቷል። አስፋልቱ ደረቅ ነው፤ ጥቂት እርምጃ አልፈን ትንሿ ድልድይ ላይ ግን ጫማዬ አንሸራተተኝ።

ይህ ምልክት የብልሽት አይደለም። ከፊት መከላከያው አካባቢ ያለች አነስተኛ የሙቀት መለኪያ የውጭው አየር ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲወርድ የምታበራው ነው። የምትለካው አየሩን እንጂ መንገዱን አይደለም፤ ዜሮን ሳትጠብቅ የምታስጠነቅቀውም ለዚህ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት መሬቱ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ድልድይ ደግሞ ከላይም ከታችም ንፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ በረዶ ይይዛል፤ ፀሐይ ዘግይታ የምትደርስበት የገደል ጥላም እንዲሁ።

መፍትሔው ፍጥነት መቀነስና ከፊት ካለው መኪና በብዙ መራቅ ነው። መሪውን በድንገት አትጠምዝዙ፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። መሪው በድንገት ቀለል ካለ፣ የጎማው ድምፅም ጸጥ ካለ ጎማው መንገዱን እየለቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ነዳጁን ለቅቃችሁ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

ምልክቱ ከደሴ ይልቅ ሞቃት በሆነችው ኮምቦልቻ በእኩለ ቀን ቢበራስ? ወይም ቁጥሩ ከዜሮ በታች 40 ቢልስ? ያኔ ችግሩ ከመለኪያዋ ነው። ብዙ ጊዜ መከላከያው ተጋጭቶ ወይም ተፈትቶ ሲገጠም ሽቦዋ ሳይሰካ ይቀራል። መጀመሪያ ሶኬቷን አስፈትሹ። አዲስ መለኪያ ግዙ የሚላችሁን ባለሙያ ከዚያ በኋላ ስሙት።

ሰማያዊ የቴርሞሜትር ምልክት የሚበራው ሞተሩ ገና ስላልሞቀ ነው። ቪትዝ የሚነዱ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ያዩታል። ቆሞ ነዳጅ መርገጥ ሞተሩን ይጎዳዋል፤ ረጋ ብሎ መንዳት ይበቃል። ከሩብ ሰዓት ጉዞ በኋላም ካልጠፋ ግን ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ለራዲያተሩ ውኃ የምትከፍተውን ቫልቭ፣ ተጠራጠሩ፤ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ ጨርሶ የለም። ሞተር ሲፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ እኔ በፍጹም አልስማማበትም። ሞተሩ በደሴ ብርድ ትክክለኛ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የመስታወቱ ማሞቂያም ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። የፈላበትን ምክንያት ፈልጉ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ተራ ውኃ ከሆነ መልሱ እዚያው ሊሆን ይችላል፤ በደሴ ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ጉጉፍቱ ላይ ደግሞ ሌሊት ሊረጋ ይችላል። ከውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከሁለቱም ያድናል።

የፈረስ ጫማ ውስጥ ቃለ አጋኖ የመሰለው ቢጫ ምልክት የጎማ ነፋስ ማነስን ያሳያል። አየሩ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የጎማው ነፋስ 1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ ማታ በቂ የነበረው ጠዋት ጎደሎ ይሆናል። ጎሚስታ ጋ ጎማው ሳይሞቅ ሂዱ፤ ልኩ በአሽከርካሪው በር ማቀፊያ ላይ ተለጥፏል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ ጎማው ግሎ እያለ ነፋስ አታስተንፍሱ።

ከኋላው የተጠማዘዘ መስመር ያለው መኪና ብልጭ ድርግም ካለ መኪናው ጎማዎቹ እንዳይንሸራተቱ እየታገለላችሁ ነው፤ ነዳጅ ቀንሱለት። ሳይጠፋ በርቶ ከቀረ ግን ወይ ማጥፊያው ተነክቷል፣ ወይ መመርመር አለበት።

የፊት መስታወት ከውስጥ በጉም ሲሸፈን በእጅ አትጥረጉት። ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብሩ፤ ኤሲ የአየሩን እርጥበት ይመጥጣል። የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ዝጉ። ከውጭ አመዳይ ከያዘው ደግሞ የፈላ ውኃ አትድፉበት፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። የዚያን ዕለት ለመመለስ ስንነሳ ጎረቤቴ ጀሪካን አንስታ ነበር፤ ሞተሩን አስነስተን ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አዞርነው፣ አመዳዩም ከሥር ጀምሮ እየቀለጠ ወረደ።