ያለ ፈቃድ የታደሰ ቤት ሲገዙ ሥራውን እንዴት ሕጋዊ ማድረግ ይቻላል?

ቤት የሚገዛ ሰው የሚረከበው ግድግዳውንና ጣሪያውን ብቻ ሳይሆን፣ የቀድሞው ባለቤት ፈቃድ ሳያወጣ የጨመረውን ክፍልና ያፈረሰውን ግድግዳ ጭምር ነው። ስመ ንብረቱ አንዴ ከዞረ በኋላ የማስተካከያ ትእዛዙ፣ አንዳንዴም ቅጣቱ፣ በብዙ አገሮች አሠራር የሚደርሰው ለአዲሱ ባለቤት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ካሉት ሥራዎች አብዛኞቹ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው።

በመጀመሪያ የጸደቀውን ፕላንና እስከ ዛሬ የተሰጡትን የግንባታ ፈቃዶች ከሻጩ ይጠይቁ፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ካለው ፋይል ጋርም ያመሳክሩ። ከዚያ ፕላኑንና ሜትር ይዘው ክፍል በክፍል ይለኩ። የሳሎኑ ወለል ንጣፍ በቀጥታ መስመር ላይ ቀለሙን ከቀየረ፣ እዚያ ቀድሞ ግድግዳ ቆሞ ሊሆን ይችላልና ፕላኑ ላይ ምን እንደተሣለ ይመልከቱ።

ልዩነት ከተገኘ የሚቀጥለው የባለሙያ ምርመራ ነው፤ በእኔ እምነት ገንዘብ ሊቆጠብበት የማይገባው ደረጃም ይህ ነው። የፈረሰው ግድግዳ ጭነት ተሸካሚ ከነበረ፣ የላይኛው ክብደት አሁን በምን ላይ እንዳረፈ መዋቅራዊ መሐንዲስ ሊያረጋግጥልዎ ይገባል፤ ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ወይም የረገበ ኮርኒስ ካለ ያሳዩት። የኤሌክትሪክ መሥመሩን ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ማከፋፈያ ሳጥኑን ከፍቶ ይመርምረው። ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ከ32 አምፔር ብሬከር ጋር ታስሮ ከተገኘ፣ ብሬከሩ ሳይቆርጥ ሽቦው ከልክ በላይ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥፋት ከቀለምና ከልስን ኋላ ስለሚደበቅ በዓይን ብቻ አይታይም፤ የሚጎዳውም እዚያ ጣሪያ ሥር የሚተኛው ቤተሰብ ነው።

ሪፖርቱ ሲደርስዎ ሥራው በመርህ ደረጃ ሊጸድቅ ይችል እንደሆነ ፈቃድ ሰጪውን ይጠይቁ። ከወሰን ሊኖረው የሚገባውን ርቀት ያልጠበቀ ክፍል ወይም ከተፈቀደው ከፍታ ያለፈ ፎቅ ከመፍረስ ሌላ መፍትሔ ላይኖረው ይችላል። የሚመዘነው በተሠራበት ዘመን በነበረው ደንብ ነው ወይስ ዛሬ በሚሠራበት የሚለውንም አስቀድመው ይወቁ፤ ወጪው በእጅጉ የሚለያየው በዚህ ነው።

ወደ ውሉ ሲመጡ፣ ሻጩ ከርክክብ በፊት ራሱ ሕጋዊ ቢያደርገው ይመረጣል። ካልተስማማ ዋጋው እንዲቀነስ፣ ወይም ከሽያጩ ገንዘብ የተወሰነው የመጨረሻው ማረጋገጫ እስኪወጣ በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቆይ ይደራደሩና በጽሑፍ ያስፍሩት።

ማመልከቻው በአብዛኛው የሚቀርበው ቤቱን አሁን ባለበት ሁኔታ ከሚያሳይ ፕላን፣ ከመሐንዲሱ ሪፖርትና ከፎቶግራፎች ጋር ነው። ተቆጣጣሪው የተሸፈነውን ሽቦና ቧንቧ ለማየት ልስኑ እንዲከፈት ሊያዝ ይችላል፤ አይቶ በጽሑፍ እስኪያጸድቅ ድረስ ግድግዳውን መልሰው አይድፈኑ። የመጨረሻው ማረጋገጫ ሲሰጥዎ ቅጂውን ለቤቱ መድን ሰጪ ያስገቡ፤ ዋናውን ከባለቤትነት ሰነድዎ ጋር ያስቀምጡ።