ለፍቺ ሽምግልና ስትቀመጡ

31 ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ «እትዬን ጥሩልን» ማለት ተለምዷል። አብዛኛውን ጊዜ የምንቀመጠው ለማስታረቅ ነው። ግን ትዳራቸው በእርግጥ ያበቃ ሰዎችም አሉ፤ እነሱን ይሉኝታ አስይዞ ወደ ቤት መመለስ ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ ዱላ ወይም ዛቻ ባለበት ቤት ሽምግልና አልቀመጥም። የፈራች ሴት በሽማግሌ ፊት «እሺ» ብትል ተስማማች አይባልም። እሷን ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት አብሬያት እሄዳለሁ።

ሽማግሌ ሦስት ይበቃል፦ አንድ ከእሱ ወገን፣ አንድ ከእሷ ወገን፣ አንድ ደግሞ ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው። ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ወላጅና እህት ወንድም ከውጭ ይጠብቁ፤ የልጃቸው እንባ ሚዛናቸውን ያዛባዋል።

ከአራት ዓመት በፊት የተቀመጥኩላቸው ባልና ሚስት የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ማን ማንን እንደሰደበ ሲያወሩ አመሹ። በሁለተኛው ቀን ደብተር ይዤ ሄድኩና ገጹን ለሦስት ከፈልኩት፦ የጋራ፣ የግል፣ ዕዳ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ እንዲሁም በስጦታ ወይም በውርስ የመጣ ንብረት የግል ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራው ግን፣ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ተብሎ ይወሰዳል። ባልየው ኮንዶሚኒየሙ በስሙ ስለሆነ የእሱ ብቻ ይመስለው ነበር። ቤቱን በዛሬ ዋጋ አስገመትን፤ የባንክ ዕዳውን ቀነስን፤ የቀረውን ለሁለት አካፈልን። እሷ ቤቱን ከነዕዳው ወሰደች፣ የእሱን ድርሻ ደግሞ በሁለት ጊዜ ልትከፍል ተስማሙ። እቁቡን ሁላችንም ረስተነው ነበር። በሳምንት 2,000 ብር እየጣለ 22 ሳምንት ሆኖታል፣ ዕጣው ገና አልደረሰውም። 44,000 ብር ማለት ነው! ስለዚህ እቁብ፣ ለሰው ያበደራችሁት ገንዘብ፣ የሱቅ ዕቃ፣ የቤት ኪራይ ቀብድ፣ ሁሉንም ጻፉ።

ከንብረቱ ይልቅ ጊዜ የምሰጠው ለልጆቹ ነው። ሰው ሁሉ «ከእናታቸው ጋር ይሁኑ፣ አባታቸው እየመጣ ያያቸዋል» ብሎ ያልፈዋል። ኋላ በር ላይ የሚያጣላው ያች «ያያቸዋል» የምትለዋ ቃል ናት። ቅዳሜ በስንት ሰዓት? ማን ያመጣቸዋል? ገና ከማን ጋር፣ ፋሲካ ከማን ጋር? ሌሊት ቢታመሙ ለሌላኛው ማን ይደውላል? የትምህርት ቤት ክፍያን ደግሞ በብር ቆርጣችሁ አትጻፉ፤ በየዓመቱ ይጨምራል። «ግማሽ በግማሽ» ወይም በገቢያቸው መጠን ብላችሁ ድርሻውን ጻፉ። የወር ተቆራጩ ግን መጠኑም፣ ቀኑም፣ የሚገባበት ሂሳብም ይጻፍ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ መወሰን ይችሉ ነበር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የማውቃት አንዲት እህት ሽማግሌዎች የፈረሙበትን ወረቀት ይዛ ስድስት ዓመት ተፋትቻለሁ ብላ ኖራለች። በራሷ ላብ ቤት ስትገዛ ሰውየው «የጋራችን ነው» ብሎ መጣ። ወረቀቱ ትዳሩን አላፈረሰውም ነበርና ያንን ሁሉ ጣጣ ብቻዋን ተሸከመችው።

ስለዚህ ስምምነቱን ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ ምስክሮች አስፈርማችሁ፣ በስምምነት ለመፋታት በጋራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቅርቡ። የተጣላችሁበትን ምክንያት የመዘርዘር ግዴታ የለባችሁም፤ ገመናችሁ እዚያው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ይቀራል። ዳኛው ለየብቻም አብራችሁም ያነጋግራችኋል፤ እንድታስቡበት እስከ ሦስት ወር ሊሰጣችሁም ይችላል። ስምምነቱ ልጆቹን ወይም አንዳችሁን የሚጎዳ ከሆነ ያስተካክለዋል። ይህ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያው ጠይቁ።

አንዳችሁ ቀድማችሁ ክስ ከፍታችሁ ከሆነም አልረፈደም። ፍርድ ቤቱ ራሳችሁ ወደመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ሊመራችሁ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ በሚያስቀምጠው አስማሚ አማካይነት ሁለቱ ወገኖች ተነጋግረው እንዲስማሙ የሚደረግበት አሠራር አለ።

ውሳኔው ሲወጣ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ሁለታችሁም ውሰዱ። አንዱን ይዛችሁ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ፍቺውን አስመዝግቡ፣ አንዱን ለባንኩ አሳዩ። ለትምህርት ቤቱም ልጆቹን በየትኛው ቀን ማን እንደሚወስዳቸው በጽሑፍ ስጡ።