የደጋ አጋዘን ወንድ ዕድሜ ሲገመት የሚሠሩ ስህተቶች

አስር ሳንቲሟን ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ባለ ጥምዝ ቀንድ እንስሳ ደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ባሌን፣ አርሲንና አካባቢውን ይዘው በተዘረጉት ተራሮች ላይ ይኖራል፤ የመጥፋት አደጋም ተደቅኖበታል። ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ክልሎች ግን በፈቃድና በኮታ ይታደናል። መታደን ያለበት ያረጀው ወንድ ነው። ዕድሜውን አሳስቶ የገመተ አዳኝ ገና ዘር ያልተካ ጎረምሳ ይጥላል። ነገሩ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ትልቁ ስህተት ቀንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። ቀንዱ ጥምዙን ተከትሎ ሲለካ እስከ 118 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ዓይን እዚያ ላይ ቢቀር አይገርምም። ግን ደህና የበላ ጎረምሳም ረጅም ቀንድ ሊያወጣ ይችላል። ሽማግሌው ደግሞ ቀንዱን ዛፍና አፈር ላይ ሲያሽ ኖሮ ጫፉ ያልቅበታል። ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጋይሳይ ሜዳ ላይ በማለዳ ሁለት ወንዶች ጭቁኝ የሚባለው ቁጥቋጦ መሀል ቆመዋል እንበል። የአንደኛው ቀንድ ረጅምና ሹል ነው፤ አንገቱ ግን ቀጭን፣ ፀጉሩም እንደ እናቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ሁለተኛው ቀንዱ አጠር ይላል። ሰውነቱ ጠቁሯል፣ አንገቱ ወፍሮ ከደረቱ ጋር ገጥሟል፣ የቀንዱ ጫፍም ተልጦ ነጭ ሆኗል። ሲራመድም አይቸኩልም። አሮጌው እሱ ነው። ፓርኩ ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ ዓይንን ለማሠልጠን ግን ከጋይሳይ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሌላው ስህተት የአሜሪካኖቹን ምክር እንዳለ መቅዳት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ባለ ነጭ ጭራው አጋዘናቸው ነው። የእሱ ቀንድ በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። የኛው ግን እንደ በሬና እንደ ፍየል ነው፤ አንዴ ያወጣውን ቀንድ ይዞ ይኖራል። ከተሰበረም ተሰበረ። «ዘንድሮ ባያምር ለከርሞ ያምርበታል» የሚባል ነገር የለም።

ቆጠራ ላይም እንሳሳታለን። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሄዶ «እዚህ ወንድ አልቋል» ማለት ልክ አይደለም። በቀኑ ሙቀት ጥዱና አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ፤ ትልልቆቹ ወንዶች ደግሞ ብቻቸውን መሆን ስለሚያዘወትሩ ቶሎ አይታዩም። ንጋትና አመሻሽ ላይ፣ በተለያዩ ቀናት መቁጠር ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሴቶቹንና ግልገሎቹን ነው። ሴቷ ስምንት፣ ዘጠኝ ወር አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች። ያንን ግልገል የእረኛ ውሻ ከበላው፣ ወይም መደበቂያው ጫካ ከተመነጠረ፣ ከዓመታት በኋላ የሚታደን ወንድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ ወንዶቹን ብቻ አትጻፉ። ከስንት ሴት ጋር ስንት ግልገል እንዳያችሁም መዝግቡ።

ከስካውቶቹ፣ ማለትም ከዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ ጋር ሳይማከሩ መወሰንም አለ። እነሱ የትኛው ወንድ በየትኛው ወንዝ በኩል እንደሚወርድ፣ አምና ከነማን ጋር እንደነበረ ያውቃሉ። «ይሄ ገና ነው፣ ተወው» ካሏችሁ ጠመንጃውን አውርዱ።