ጠባብ ቦታ ላይ ብርሃን የሚገባበት ቤት
ጅማ ያገኘነው ቦታ ወርዱ 7 ሜትር ብቻ ነው። ግራና ቀኙ የጎረቤት ግንብ ነው። የመጀመሪያው ፕላን ክፍሎቹን በተርታ ስለደረደራቸው የልጆቹ መኝታ ቤት መስኮት አልባ ሆነ። ይሄን በፍጹም አልቀበልም አልኩ።

መፍትሔው መሃል ላይ 2 በ3 ሜትር ጣሪያ የሌለው ክፍት ቦታ መተው ሆነ። ሳሎኑ አነሰ፤ ግን መኝታ ቤቱም ኩሽናውም ብርሃንና አየር አገኙ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ጣሪያው ነበር። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ውሃው ጎረቤት ላይ እንዳይወርድ የቆርቆሮውን ተዳፋት ወደ ክፍቱ ቦታ አዞርነው፤ አሸንዳውም ሰፋ አለ። የክፍቱ ቦታ ወለል በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ዝቅ ይላል። ከዚያ ከኮሪደሩ ሊሾ ስር የሚቀበር ወፍራም ቱቦ ውሃውን ወደ ውጭ ያወጣዋል። የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ሴፕቲክ ታንክ ደግሞ መጣጭ መኪና እንዲደርስለት በሩ አጠገብ ሆነ።

ፕላኑ ጸድቋል። ቁፋሮው ዝናቡ ሲቀንስ፣ ከመስቀል በኋላ ይጀመራል።